የጥንታዊት ሕንድ ቴአትር፣ ውዝዋዜና ሙዚቃ፦ ጥበቡ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈበት መንገድ

መግቢያ

የአንድ ሕዝብ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚወሱት ሕንፃዎች፣ ሐውልቶችና መጻሕፍት ናቸው። እነዚህ በዐይን የሚታዩ፣ በእጅ የሚዳሰሱ፣ ቢቀበሩም ተቆፍረው የሚወጡ ስለሆኑ የታሪክ ጸሐፊውን ሥራ ያቀሉለታል። ቴአትር፣ ውዝዋዜና ሙዚቃ ግን የተለየ ጠባይ አላቸው። ተዋናዩ ከመድረክ ሲወርድ፣ ተወዛዋዧ ስትቆም፣ ዘፋኙም ዝም ሲል ሥራው በቦታው አይቀርም፤ የሚቀረው በሠሪውና በተመልካቹ ልቡና ውስጥ ነው። ስለሆነም እንዲህ ያለው ጥበብ ለዘመናት ኖረ ሲባል፣ አንዱ ትውልድ ለሌላው በትጋት አስተምሮታል ማለት ነው። በዚህ በኩል ሲታይ የእነዚህ ጥበቦች ታሪክ የትምህርት ታሪክ ጭምር ነው።

ለዚህ ጥናት የጥንታዊት ሕንድ ልማድ ሰፊ መስክ ይከፍታል። በሕንድ ጥንታዊ አስተሳሰብ ድራማ፣ ውዝዋዜና ሙዚቃ የተለያዩ ሦስት ሙያዎች ሆነው አልተቆጠሩም፤ «ናትያ» በሚለው አንድ የሳንስክሪት ቃል ሥር ተጠቃልለው ይገኛሉ። ይህ ጥበብ ለመተላለፊያ ሦስት መንገዶች ነበሩት፤ እነርሱም መጽሐፍ፣ የድንጋይ ቅርጽና የባለሙያዎች ቤተሰብ ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱ እያንዳንዱ ምን ያህሉን እንደ ጠበቀና ጠባቂዎቹም ምን ዋጋ እንደ ከፈሉ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጽሐፉ በፊት የነበሩ ምልክቶች

ከኢንዱስ ሸለቆ ሥልጣኔ ከተሞች አንዷ በሆነችው በሞሄንጆ ዳሮ፣ በ1926 በተደረገ ቁፋሮ አንዲት ትንሽ የነሐስ ምስል ተገኝታለች። ቁመቷ 10.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ዕድሜዋ ወደ 4,500 ዓመት ይገመታል። አንድ እጇን በወገቧ ላይ አድርጋ የቆመችው ይህች ልጃገረድ «ተወዛዋዧ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ይሁን እንጂ ስሙን የሰጧት የዘመናችን ሰዎች ናቸው፤ አቋቋሟ ብቻውን ለውዝዋዜ ማረጋገጫ አይሆንም። የኢንዱስ ጽሕፈትም እስከ ዛሬ ስላልተነበበ ከዚህ አልፎ ለመናገር አያስደፍርም።

ይበልጥ የሚጨበጥ ማስረጃ የሚገኘው ከቬዳዎች ዘመን ጀምሮ ነው። ከአራቱ ቬዳዎች አንዱ የሆነው ሳማቬዳ፣ ስንኞቹ በአብዛኛው ከሪግቬዳ የተወሰዱና ለመሥዋዕት ሥርዓት በዜማ የሚባሉ ናቸው። ይህ ሁሉ ለብዙ ዘመናት በቃል ብቻ ይጠና ነበር። ደቀ መዝሙሩ ቃላቱን በተራ ይላል፤ ቀጥሎ ሁለት ሁለቱን እያጣመረ፣ ከዚያም ወደፊትና ወደ ኋላ እየመለሰ ይደግማቸዋል። በዚህ ዘዴ አንዲት ቃል ወይም አንዲት የድምፅ ከፍታ ብትሳሳት ወዲያው ትታወቃለች። በኋላ ዘመን የመጡት የውዝዋዜና የሙዚቃ መምህራንም የወረሱት ይህንኑ በቃልና በድግግሞሽ ላይ የቆመ የማስተማር ሥርዓት ነው።

ስለ ተዋንያን ጥንታዊ ምስክርነት የሰጡን ደግሞ የሰዋስው ሊቃውንት ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዓመት ግድም የኖረው ፓኒኒ፣ ሺላሊንና ክሪሻሽቫ የተባሉ ሁለት መምህራን ለተዋንያን የደነገጉት ሕግ እንደ ነበረ ያመለክታል፤ መጻሕፍቱ ግን አልተገኙም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፓታንጃሊ ደግሞ አንድ የሰዋስው ጥያቄ ያነሣል። ክፉው ንጉሥ ካምሳ ከሞተ ብዙ ዘመን አልፎት ሳለ ሰዎች ስለ ምን «ካምሳን ይገድለዋል» እያሉ በአሁን ጊዜ ይናገራሉ? የሚል ነው። ከመልሶቹ አንዱ፣ ትርኢት አቅራቢዎች ድርጊቱን በሕዝብ ፊት ስለሚፈጽሙት ያለፈው እንደ አሁን ሆኖ ይታያል የሚል ነው። ለአንድ የግስ አገባብ ሲባል የተጻፈች ይህች ምሳሌ፣ የቴአትርን ባሕርይ ከብዙ ሐተታ ይልቅ አጥርታ ታሳያለች።

«ናትያ ሻስትራ»ና የአፈ ታሪኩ ትርጉም

የጥበቡ ዋና መጽሐፍ «ናትያ ሻስትራ» ይባላል። ብሃራታ ለሚባል ጠቢብ የሚሰጥ ሲሆን፣ የብዙ ሊቃውንት ግምት የተጠናቀረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ200 እና ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓመት መካከል ነው የሚል ነው። 36 ምዕራፎችና 6,000 ያህል ስንኞች ያሉት ይህ ሥራ ከመድረክ አሠራር እስከ ቅንድብ እንቅስቃሴ፣ ከከበሮ አመታት እስከ ተውኔት አጻጻፍ ያልነካው ነገር የለም።

መጽሐፉ የሚጀምረው በአፈ ታሪክ ነው። ሰዎች በምኞትና በቅናት ተይዘው በደስታና በኀዘን መካከል ሲዋልሉ፣ አማልክት ወደ ብራህማ ቀርበው የሚታይም የሚሰማም መዝናኛ ይሰጣቸው ዘንድ ለመኑ። ሹድራ የተባሉት ዝቅተኞቹ መደቦች ቬዳን እንዳይሰሙ የተከለከሉ ስለ ነበሩም፣ ለሁሉም መደብ የሚሆን አምስተኛ ቬዳ እንዲፈጠር ጠየቁ። ብራህማም ንግግሩን ከሪግቬዳ፣ ዜማውን ከሳማቬዳ፣ አድራጎቱን ከያጁርቬዳ፣ የስሜቱን ጣዕም ከአታርቫቬዳ ወስዶ ናትያን ፈጠረ። ብሃራታና መቶ ልጆቹም ተማሩት።

የመጀመሪያው ትርኢት ግን በሰላም አልተፈጸመም። ታሪኩ አማልክት አጋንንትን ድል የነሡበትን ጦርነት የሚያሳይ ነበርና፣ በተመልካችነት የነበሩት አጋንንት ተቈጡ። የተዋንያኑን ንግግር፣ እንቅስቃሴና ትዝታ በአስማት አሰሩባቸው። ኢንድራ አጥፊዎቹን በሰንደቁ ዘንግ ደበደባቸው፤ ከዚያ በኋላም ለተዋንያኑ መጠበቂያ የሚሆን የቴአትር ቤት ተሠራ። ብራህማ ግን በዱላው ብቻ አልረካም። አጋንንቱን ጠርቶ የቅሬታቸውን ምክንያት ጠየቃቸው። ከሰማ በኋላም ናትያ የአማልክት ብቻ ወይም የአጋንንት ብቻ ሳይሆን የሦስቱም ዓለማት ሁኔታ የሚታይበት መሆኑን አስረዳቸው።

ይህ ተረት ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ሁለት ከባድ ጉዳዮችን በአንድነት ይዟል። አንደኛው የዕውቀት ባለቤትነት ነው፤ ከቬዳ የተከለከለው ሕዝብ በቴአትር በኩል የትምህርት በር ተከፍቶለታል። ሁለተኛው በመድረክ ላይ የሚታይ ሰው ስለ አቀራረቡ የመጠየቅ መብት ነው፤ ተሸናፊው ወገን እንኳ ቅሬታውን አሰምቶ መልስ አግኝቷል።

ስለ ቴአትር ቤቱ የተሰጠው መመሪያም ልብ ሊባል ይገባዋል። ሦስት ቅርጾች ተፈቅደዋል፤ እነርሱም አራት ማዕዘን ሆኖ ረዘም ያለ፣ ጎኖቹ እኩል የሆኑ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ናቸው። ለሰዎች የተመረጠው ርዝመቱ 64 ክንድ፣ ወርዱ 32 ክንድ የሆነው ነው። ግማሹ ለተመልካች፣ ግማሹ ለመድረክና ለተዋንያን መልበሻ ይሰጣል። ከዚህ የበለጠ ሰፊ ቤት እንዳይሠራ መጽሐፉ ይመክራል፤ ምክንያቱም ድምፁ ጥርት ብሎ እንደማይሰማና የተዋናዩ የፊት ገጽታ እንደማይታይ ይገልጻል። የአዳራሹ ስፋት የተወሰነው በሰው ጆሮና ዐይን አቅም ነው ማለት ነው።

የስሜት ጣዕምና የሰውነት ቋንቋ

የመጽሐፉ ዋና ፅንሰ ሐሳብ «ራሳ» ይባላል። የቃሉ መነሻ ትርጉም ጭማቂ ወይም ጣዕም ነው። ልዩ ልዩ ቅመሞች በአንድ ወጥ ውስጥ ተዋሕደው ከእያንዳንዳቸው የተለየ አንድ ጣዕም እንደሚሰጡ ሁሉ፣ በመድረክ ላይም ንግግሩ፣ ዜማው፣ አለባበሱና እንቅስቃሴው ተዋሕደው በተመልካቹ ልብ ውስጥ አንድ ጣዕም ይፈጥራሉ። የተቈጠሩት ጣዕሞች ስምንት ሲሆኑ ፍቅር፣ ሣቅ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ጀግንነት፣ ፍርሃት፣ መጸየፍና መደነቅ ናቸው። ዘጠነኛው፣ ማለት የመንፈስ ጸጥታ፣ በኋላ ዘመን ተጨምሯል። ከ10ኛው እስከ 11ኛው መቶ ዓመት በካሽሚር የኖረው አቢናቫጉፕታ በትርጓሜው እንዳብራራው፣ ተመልካቹ የሚቀምሰው ኀዘን የራሱ የግል ኀዘን አይደለም። ከግል ጉዳይ የነጻና ለሰው ሁሉ የጋራ የሆነ ስሜት በመሆኑ በእንባ ውስጥ እንኳ እርካታ ይገኝበታል።

ይህን ጣዕም ለመፍጠር ተዋናዩ አራት መሣሪያዎች አሉት፤ እነርሱም የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ንግግር፣ አልባሳትና ቅብ፣ በመጨረሻም እንደ እንባና መንቀጥቀጥ ያሉት ከውስጥ የሚመነጩ ምልክቶች ናቸው። የሰውነቱ ትምህርት በዝርዝር ተከፋፍሏል። ለራስ 13 እንቅስቃሴዎች፣ ለዐይን 36 አመለካከቶች፣ ለአንድ እጅ 24 ምልክቶች፣ ለሁለቱ እጆች በአንድነት 13 ምልክቶች ተዘርዝረዋል። እጅን፣ እግርንና ሰውነትን በአንድነት የሚያቀናጁ «ካራና» የተባሉ የውዝዋዜ መሠረታውያን ደግሞ 108 ናቸው። ተማሪው እነዚህን እንደ ፊደል አጥንቶ በኋላ እንደ ቃልና እንደ ዐረፍተ ነገር ያቀናጃቸዋል።

የሙዚቃው ክፍል

ከ28ኛው ምዕራፍ ጀምሮ መጽሐፉ ስለ ሙዚቃ ያስተምራል። ሰባቱ ድምፆች ሻጃ፣ ሪሻባ፣ ጋንዳራ፣ ማድያማ፣ ፓንቻማ፣ ዳይቫታና ኒሻዳ ይባላሉ፤ በአጭሩ ሳ፣ ሪ፣ ጋ፣ ማ፣ ፓ፣ ዳ፣ ኒ ተብለው ይጠናሉ። ከአንዱ ሳ እስከ ሚቀጥለው ሳ ያለው ርቀት በ22 ጥቃቅን ክፍሎች ይለካል፤ እነዚህም በመጀመሪያው የድምፅ ሥርዓት 4፣ 3፣ 2፣ 4፣ 4፣ 3፣ 2 ሆነው ለሰባቱ ድምፆች ተደልድለዋል። ብሃራታ ይህን ለማስረዳት እኩል የተቃኙ ሁለት የክር መሣሪያዎች እንዲወሰዱ ያዝዛል። የአንደኛው ቅኝት ሳይነካ የሁለተኛው ደረጃ በደረጃ ዝቅ እየተደረገ ተማሪው ልዩነቱን በጆሮው እንዲለይ ይደረጋል። ይህ አሠራር በንግግር ብቻ ሳይወሰን በሙከራ የማስተማር ጥንታዊ ምሳሌ ነው። ዛሬ የሕንድ ሙዚቃ መለያ የሆነው «ራጋ» በዜማ ሥርዓትነቱ ተብራርቶ የተገኘው ግን ዘግየት ብሎ፣ ማታንጋ በጻፈው «ብሪሃድዴሺ» በተባለው መጽሐፍ ነው።

የሙዚቃ መሣሪያዎችም በአራት ወገን ተከፍለዋል፤ እነርሱም ክር ያላቸው፣ በትንፋሽ የሚነፉ፣ ቆዳ የለበሱና ራሳቸው ጠጣር ሆነው የሚያቃጭሉ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በብራስልስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ቤተ መዘክር ኃላፊ የነበረው ቪክቶር ሻርል ማዪዮ ይህን አከፋፈል ተከትሎ መሣሪያዎቹን መደበ። ሆርንቦስቴልና ሳክስ ደግሞ በ1914 አሻሽለው ዓለም አቀፍ መልክ ሰጡት። ዛሬ የሙዚቃ ተመራማሪዎች ክራርን ከክር፣ ዋሽንትን ከትንፋሽ፣ ከበሮን ከቆዳ፣ ጸናጽልን ከሚያቃጭሉት ወገን ሲመድቡ የሚከተሉት ሥርዓት ከዚህ ጥንታዊ አከፋፈል ጋር የተያያዘ ነው።

ተውኔቶቹና የቋንቋው ደረጃ

ከሳንስክሪት ተውኔቶች እጅግ ጥንታዊ የሆኑት ቅጂዎች የተገኙት በመካከለኛው እስያ ነው። የቡድሃ እምነት ተከታይ የነበረው ባለቅኔ አሽቫጎሻ የጻፈው ተውኔት ቁርጥራጮች በሃይንሪሽ ሉደርስ አማካይነት በ1911 ታትመዋል። በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ዓመት ግድም የኖረው ካሊዳሳ የደረሰው «ሻኩንታላ» በ1789 በዊልያም ጆንስ ወደ እንግሊዝኛ፣ በ1791 በጌኦርግ ፎርስተር ወደ ጀርመንኛ ተተርጕሞ በአውሮፓ ከፍ ያለ አድናቆት አትርፏል፤ ከአድናቂዎቹም አንዱ ጎተ ነበር። የሹድራካ ነው የሚባለው «ትንሿ የሸክላ ጋሪ» ደግሞ በ10 ገቢሮች የተከፈለ የከተማ ታሪክ ነው። በልግስናው ምክንያት የደኸየ ነጋዴና አንዲት የተከበረች ውበተኛ ሴት የሚዋደዱበት ሲሆን፣ ቁማርተኛ፣ ሌባ፣ ዳኛና ዐመፀኛ ሁሉ ይታዩበታል።

በእነዚህ ተውኔቶች ውስጥ የኅብረተሰቡ ደረጃ በቋንቋ ይገለጻል። ንጉሡ፣ ሚኒስትሩና ሊቁ ሳንስክሪት ሲናገሩ፣ ሴቶቹ በአብዛኛውና ዝቅተኞቹ ሰዎች ፕራክሪት የተባሉትን የሕዝብ ቋንቋዎች ይናገራሉ። «ቪዱሻካ» የተባለው አስቂኝ ሰው ግን ከካህናቱ መደብ ተወልዶ ሳለ ፕራክሪት መናገሩ ራሱ ያሥቃል። ለሁሉም መደብ ተሰጠ የተባለው ጥበብ የመደቡን ልዩነት በየንግግሩ ይዞ መገኘቱ የዚህ ቴአትር ዐቢይ ቅራኔ ነው።

የባለሙያዎቹ ዕጣ

ቅራኔው በባለሙያዎቹ ኑሮ ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። «አርታሻስትራ» የተባለው የመንግሥት አስተዳደር መጽሐፍ፣ ዘፈን፣ ውዝዋዜ፣ ትወና፣ ጽሕፈት፣ ሥዕልና የሙዚቃ መሣሪያ ለሚያስተምሩ መምህራን ከንጉሡ ገቢ መተዳደሪያ እንዲሰጣቸው ያዝዛል። በአንጻሩ የማኑ ሕግ ተዋንያን በፍርድ ቤት ምስክር እንዳይሆኑ ይከለክላል። «ናትያ ሻስትራ» ራሱ ይህን ውርደት በመጨረሻው ክፍል ላይ በአፈ ታሪክ ያስረዳል። የብሃራታ ልጆች በችሎታቸው ታብየው ጠቢባንን በመድረክ ስለ ተሳለቁባቸው ተረገሙ፤ ከመደባቸውም ወርደው ሹድራ ሆኑ። አባታቸው ግን ጥበቡ እንዳይጠፋ ለሌሎች እንዲያስተምሩ መከራቸው። መጽሐፉ ለመምህሩ ያሸከመው ዕዳ ይህ ነበር፤ ክብርህን ብታጣም ማስተማርህን አታቋርጥ የሚል።

በደቡብ ሕንድ በታንጃቩር ከተማ ቀዳማዊ ራጃራጃ ያሠራውና በ1010 የተፈጸመው ታላቁ ቤተ መቅደስ ለሁለቱም መንገዶች፣ ለድንጋዩም ለሰዎቹም፣ ምስክር ነው። በሕንፃው የላይኛ ክፍል ከ108ቱ ካራናዎች 81ዱ ተቀርጸው ይገኛሉ። በግድግዳው ጽሑፍ ላይ ደግሞ ከየቤተ መቅደሱ የመጡ 400 ተወዛዋዥ ሴቶች በስማቸው፣ ከተሰጣቸው ቤትና የሩዝ ድርሻ ጋር ተመዝግበዋል። በቺዳምባራም ቤተ መቅደስ በሮች ላይም ካራናዎቹ ከመጽሐፉ ስንኞች ጋር ተቀርጸዋል። ሆኖም ድንጋዩ የሚያሳየው የአንድ እንቅስቃሴ አንዲቱን ቅጽበት ብቻ ነው። ከየት እንደ ተጀመረ፣ ወዴት እንደሚያልፍና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የሚያውቁት ሰዎች ነበሩ።

በኬራላ «ኩቲያታም» የተባለው የሳንስክሪት ቴአትር ቻክያርና ናምቢያር በተባሉ ቤተሰቦች እጅ ቆይቷል። ወንዶቹ ቻክያሮች ሲተውኑ፣ ናምቢያሮቹ «ሚዛቩ» የተባለውን ትልቅ ከበሮ ይመታሉ፤ የናምቢያር ሴቶችም የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት ይጫወታሉ። ትርኢቱ በቤተ መቅደስ ቅጥር ውስጥ በተሠራ ቴአትር ቤት ይቀርብ ነበር። አንድን ገቢር ብቻ ለመጨረስ ብዙ ሌሊቶች ያስፈልጋሉ። በ20ኛው መቶ ዓመት የቤተ መቅደሶቹ ገቢ ሲቀንስ ልጆች የአባቶቻቸውን ሙያ መተው ጀመሩ። በ1930 የተመሠረተው የኬራላ ካላማንዳላም ትምህርት ቤት በ1965 የኩቲያታም ክፍል ከፈተ፤ መምህሩ ፓይንኩላም ራማ ቻክያርም ከቤተሰቡ ውጪ የሆኑ ተማሪዎችን ተቀብሎ አስተማረ። በ2001 ዩኔስኮ ለሰው ልጅ ቅርስነት መረጠው።

የታሚል ናዱ ተወዛዋዦች ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። «ዴቫዳሲ» የተባሉት ሴቶች ለቤተ መቅደስ የተሰጡ ነበሩ። የመማር፣ ንብረት የመያዝና የማውረስ ዕድል ሲኖራቸው፣ በአንጻሩ ባለጸጋ ወንዶች በቅምጥነት የሚይዟቸውም ነበሩ። በ1890ዎቹ በማድራስ የተነሣው የተሐድሶ እንቅስቃሴ ውዝዋዜያቸውን አወገዘ። ሐኪሟና የምክር ቤት አባሏ ሙቱላክሽሚ ሬዲ ልጃገረዶች ለቤተ መቅደስ እንዳይሰጡ ታገለች፤ በ1947ም የሚከለክለው ሕግ ወጣ። በዚያው ዘመን ከከፍተኛው መደብ የተወለደችው ሩክሚኒ ዴቪ አሩንዳሌ ውዝዋዜውን ከባለሙያው ቤተሰብ መምህር ተምራ በ1935 በአደባባይ አቀረበች፤ በ1936 ደግሞ ካላክሼትራ የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመች። ጥበቡ ባራታናትያም በተባለው ስም በመላው ዓለም ታወቀ።

ልጆችን ከግዴታ ያዳነ ሕግ መልካም ሕግ ነው። ዳሩ ግን ጥበቡ ሲከበር ለብዙ ዘመን የጠበቁት ሴቶች አብረው አልተከበሩም፤ ብዙዎቹ መድረኩንም መተዳደሪያቸውንም አጡ። ከእነዚያ ቤተሰቦች የተወለደችው ታላቋ ባላሳራስዋቲ፣ ከ1918 እስከ 1984 በኖረችበት ዘመን፣ ውዝዋዜውን በሀገሯና በአሜሪካ እያስተማረች፣ የፍቅሩ ጣዕም «ይንጻ» መባሉን አጥብቃ ተቃወመች። ፍቅር ከጥበቡ የማይለይ መሠረት እንጂ የሚታጠብ ጉድፍ አይደለም የሚል ነበር ክርክሯ።

የመጽሐፉ መሰወርና መገኘት

ባለሙያዎቹ በዚህ መንገድ ሲኖሩ መጽሐፉ የት ነበር? በ1826 ግድም እንግሊዛዊው ሊቅ ሆራስ ሄይማን ዊልሰን «ናትያ ሻስትራ» ፈጽሞ እንደ ጠፋ ጽፎ ነበር። በ1865 ፊትዝኤድዋርድ ሆል ጥቂት ምዕራፎችን አሳተመ። ሙሉው መጽሐፍ በቦምቤ የታተመው በ1894 ነው። የአቢናቫጉፕታ ትርጓሜ በደቡብ ሕንድ ተገኝቶ በራማክሪሽና ካቪ አዘጋጅነት የመጀመሪያው ክፍል በባሮዳ የወጣው በ1926፣ የማኖሞሃን ጎሽ የእንግሊዝኛ ትርጕም የመጀመሪያ ክፍል ደግሞ በ1950 ነው። በ2025 ዩኔስኮ የመጽሐፉን ጥንታውያን ጽሑፎች በዓለም የመዛግብት ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሊቃውንቱ መጽሐፉ የለም በሚሉበት ዘመን ጥበቡ በከበሮ መቺዎችና በተወዛዋዥ ሴቶች ሰውነት ውስጥ በሕይወት እንደ ነበረ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከተው ታሪክ ለትምህርት ሥራ የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ የጽሑፍ መዝገብ ብቻውን የአካልና የድምፅ ጥበብን አያድንም። መጽሐፉ የካራናዎቹን ስምና አኳኋን ሰጠ፤ ድንጋዩ ቅርጻቸውን አቆየ፤ እንቅስቃሴያቸውን ለማስተላለፍ ግን ከመምህሩ ፊት የሚቆም ተማሪ አስፈልጓል።

ሁለተኛ፣ በቤተሰብ የተያዘ ዕውቀት ቤተሰቡ ሲደኸይ አብሮ ይደኸያል። የኬራላው ትምህርት ቤት ጥበቡን ማዳን የቻለው ለአዲስ ተማሪዎች በሩን ሲከፍት፣ የነባሩን ቤተሰብ ሊቅም በመምህርነት ወንበር ላይ ስላስቀመጠ ነው።

ሦስተኛ፣ አንድን ጥበብ ወደ ትምህርት ቤት ማስገባት ንብረትን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ እንደ ማዛወር ነው። በማድራስ እንደ ታየው፣ ጥበቡ ተወድሶ ባለቤቱ ሊረሳ ይችላል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ ስለ ውዝዋዜው ቅደም ተከተል ከመወሰኑ በፊት፣ እስከ ዛሬ ያስተማረው ማን እንደ ሆነና ከእንግዲህስ ምን ድርሻ እንደሚኖረው መጠየቅ ይኖርበታል። በጥንቱ ተረት ብራህማ አጋንንቱን ጠርቶ ቅሬታቸውን ያዳመጠው ትርኢቱ ከተቋረጠ በኋላ ነበር። ለትምህርት ሥራ የሚበጀው ግን ጥያቄውን አስቀድሞ ማቅረብ ነው።